«አይዞህ» ስለሚባለው ቃል

ሰው በየቀኑ ከአፉ የሚያወጣውን ቃል አይመረምርም። እንጀራ የሚቆርስ ሰው ጤፉ ከማን ማሳ እንደ ታጨደ እንደማይጠይቅ ሁሉ፥ «አይዞህ» የሚልም ሰው ምን እንዳለ ራሱን አይጠይቅም። ሕፃን ተደናቅፎ ሲወድቅ አይዞህ ይባላል፤ በሬው ከቀንበር በታች ሲደክም አይዞህ ይባላል፤ ምጥ የያዛት ሴት አይዞሽ ትባላለች፤ ከብት የሞተበት፥ እህሉን አንበጣ የበላበት፥ በሙግት የተረታ፥ ልጁን የቀበረ፥ ሁሉም ይህንኑ አንድ ቃል ይቀበላል። እኔም ይህን ቃል ስቀበልና ስሰጥ ኖሬ ዕድሜዬ አምሳን አለፈ፤ ክብደቱን ያወቅሁት ግን በሰሊጥ ማሳ ላይ በተሠራች አንዲት ጎጆ፥ በአንዲት ሌሊት ነው። ስለዚያች ሌሊት ከመናገሬ በፊት ስለ ቃሉ ስለ ራሱ ጥቂት ልበል። አንባቢ ይታገሠኝ፤ የቅኔ ቤት ሰው ነገርን ከሥሩ ካልጀመረ ደስ አይለውም።

ቃሉ ሁለት ፊት እንዳለው መጀመሪያ ያየሁት በልጅነቴ ነው። አገሬ ሳንጃ ቆላ ነው፤ ማሽላና ሰሊጥ የሚበቅልበት፥ ከብት የሚረባበት፥ በሚያዝያ ወር ነፋሱ ከምጣድ ላይ እንደሚወጣ ትኩሳት ፊት የሚገርፍበት አገር ነው። ዳዊት ከደገምሁ በኋላ ቅኔ ለመማር ወደ ደጋው ወጣሁ። በሙሴ ባምብና በትክል ድንጋይ በኩል በእግሬ ወደ ጎንደር ስሄድ፥ ብርድ የሚባለውን ነገር በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቅሁት። የቅኔ ተማሪ ኑሮ ለዚህ ገጽ አንባብያን የታወቀ ስለ ሆነ አላስረዝመውም፤ ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ፥ ዱላ ይዞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። የተማሪ ጠላቱ ረኃብ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ውሻ ነው እላለሁ። ረኃብ ማታ ማታ ይታገሣል፤ ውሻ ግን ማታ ይብሳል።

አንድ ቀን ወደ ማታ ከአንድ ሰፊ ግቢ ደጅ ቆሜ ስለምን የግቢው ውሻ ተነሣ። በበሩ ላይ የቆመው የቤቱ ልጅ፥ እኩያዬ የሚሆን ብላቴና፥ እየሳቀ ውሻውን «አይዞህ! አይዞህ!» አለው። ውሻውም የተባለው ገብቶት መጥቶ ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ። ጩኸቴን የሰማች እናቱ ከጓዳ ሮጣ ወጣች፤ ውሻውንም በእንጨት አባረረችና በነጠላዋ ጫፍ ደሜን እየጠረገች «አይዞህ ልጄ፥ አይዞህ» አለችኝ። የዚያን ማታ አኮፋዳዬን ሞልታ ሰደደችኝ። ቁስሉም ቶሎ ዳነ፤ ጠባሳው ግን ዛሬም አለ። እኔን የገረመኝ ሕመሙ አልነበረም፤ እናትና ልጅ በአንድ ደጅ፥ በአንድ ቅጽበት፥ ለውሻውና ለእኔ ያንኑ ቃል መስጠታቸው ነበር እንጂ።

እያነከስሁ ጉባኤ ቤት ደርሼ ይህን ለመምህሬ ነገርሁ። የኔታ ዐይናቸው የደከመ፥ ጆሮአቸው ግን ከግድግዳው ማዶ የሚንሾካሾከውን ተማሪ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነበሩ። ራት ከተበላ በኋላ ተማሪውን ሁሉ ሰበሰቡና «በሉ፥ የአይዞህን ግሥ አውጡ» አሉን። ጉባኤው ታወከ። አንዱ ተነሥቶ «ያዘ ከሚለው ነው፤ ፍርሃት አይያዝህ ማለት ነው» አለ። ሌላው «እንግዲያውስ በኃላፊ ተናገረው» ብሎ ተቃወመው። በእውነትም በኃላፊ የሚናገረው የለም፤ በትንቢትም የሚናገረው የለም። መልኩ ዐሉታ ይመስላል፤ አዎንታው ግን አይገኝም፤ «ይዞህ» ቢባል የሚገባው ሰው የለም። ለቅርብ ሰው ይዘረዘራል፤ አይዞህ፥ አይዞሽ፥ አይዞአችሁ ይባላል፤ ስለ ራስም ሲሆን አይዞን ይባላል፤ ለአክብሮት አይዞዎት ይባላል። ለሩቅ ግን አይሆንም። በፊትህ የሌለውን ሰው በዚህ ቃል ልታጽናናው አትችልም፤ «አይዞህ በሉት» ብለህ በሌላ ሰው አፍ ትልክለታለህ እንጂ። ይህን የመጨረሻውን ነገር ያገኘው ከሁላችን ታናሽ የነበረ ተማሪ ነው፤ የኔታም ወደ እርሱ ዘወር ብለው «አንተስ ትማራለህ» አሉት፤ ከእርሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነበር።

ክርክሩ ሲደክም እኔን ጠሩኝና እንዲህ አሉኝ፦ «ግሥ የሌለው ቃል ባለቤቱን አይለቅም። የነከሰህ ልጁ ነው እንጂ ውሻው አይደለም።» ተማሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሕመሜን ረስቼ ሳቅሁ። የቅኔ መምህር ቀልድ መሰለኝ። ቀልድ አለመሆኑን ለመረዳት ሠላሳ ዓመት የሚያህል ጊዜ ፈጀብኝ።

በአገራችን በአርማጭሆ ይህ ቃል የጦር ሜዳም ቃል ነው። ጣልያን በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም. ጎንደርን ከያዘ ጀምሮ፥ የመጨረሻው ጦሩ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. በዚያው በጎንደር እጁን እስኪሰጥ ድረስ፥ ቆላው የአርበኛ መሸሸጊያ ነበር። አሞራው ውብነህ የሚባሉት የውብነህ ተሰማ ስም ዛሬም ከሽማግሌዎች አፍ አይጠፋም። እኔ በልጅነቴ የደረስሁባቸው የዚያ ዘመን ሰዎች ስለ ውጊያ ሲያወሩ፥ ፉከራው ከጦርነቱ በፊትና በኋላ ነው ይሉ ነበር፤ ጥይት ሲጮህ የሚፎክር የለም። በዚያን ጊዜ ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ የሚተላለፈው ይህ አንድ ቃል ብቻ ነው። በግራህ ያለው አይዞህ ይልሃል፤ አንተም በቀኝህ ላለው ትላለህ። አትፍራ ማለት አይደለም፤ የማይፈራ የለምና። ግራህ ባዶ አይደለም፥ እኔ አለሁ ማለት ነው። አንድ ሽማግሌ እንዳጫወቱኝ፥ ከአንድ ወገን ቃሉ መምጣት ሲያቆም ያ ሰው እንደ ወደቀ ይታወቅ ነበር፤ ዘወር ብሎ ማየት አያስፈልግም።

ከዚህ ከተባለው «አይዞህ ባይ» የሚል ስም ወጥቶአል፤ በዚህም ስም ውስጥ የሚያስደንቅ ነገር አለ። «አይዞህ ባይ የለውም» ቢባል ኀዘኔታ ነው፤ ወላጅ የሞተበት ልጅ፥ ወገን የሌለው መንገደኛ፥ ጧሪ ያጣች ባልቴት ይታሰባል። «አይዞህ ባይ አለው» ቢባል ግን ክስ ነው፤ የሰው ድንበር ገፍቶ የሚያርስ፥ በአደባባይ የሚሳደብ፥ ከኋላው ባለ ጉልበት ያለለት ሰው ይታሰባል። በዐሉታ ሲነገር የሚያስለቅስ፥ በአዎንታ ሲነገር የሚያስቈጣ እንዲህ ያለ አነጋገር በአማርኛ ብዙ ያለ አይመስለኝም። እናትየዋና ልጅየው ሁለቱም በዚህ ስም ውስጥ አሉ።

ትግርኛ የሚናገሩ ጎረቤቶቻችን «ኣጆኻ» ይላሉ፤ ድምፁም ምስጢሩም ከእኛው ጋር ዘመድ ነው። በሰሊጥ አጨዳ ወራት ከሩቅ አገር የመጡ ሠራተኞች በአንድ ማሳ ላይ ሲሰበሰቡ ሁለቱ ቃላት ሲቀባበሉ ሰምቻለሁ፤ አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም። በእንግሊዝኛ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከተማሪዎቼ አንዱ ዛሬ በአሜሪካ አገር በሐኪም ቤት ለአገራችን ሰዎች ያስተረጕማል። ከበሽተኛው አጠገብ የተቀመጠች እኅት ወይም እናት አይዞህ ስትል ሐኪሙ ምን አለች ብሎ ይጠይቀዋል፤ እርሱም አንድ ጊዜ አትጨነቅ አለችው ይላል፤ አንድ ጊዜ በርታ አለችው ይላል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ እኔ ካንተ ጋር ነኝ አለችው ይላል። «የኔታ፥ ሦስት ጊዜ ሦስት ነገር ተናግሬ ሦስቱም ጊዜ የዋሸሁ ይመስለኛል» አለኝ። አልዋሸህም አልሁት። ሴትዮዋ ራስዋ የትኛውን እንዳለች ብትጠየቅ አታውቀውም ነበር።

እንግዲህ ወደ ሌሊቲቱ ልምጣ።

በ2005 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፥ ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው ቆሞ በሚደርቅበት ሰሞን፥ በሁለት ጎረቤታሞች መካከል የማሳ ድንበር ጠብ ተነሣ። ከአባት ጀምሮ የቆየ ነገር ነበር፤ በዚያ ዓመት የሰሊጥ ዋጋ ስለ ጨመረ ሁለት ክንድ መሬት ብዙ መስሎ ታየ። አንደኛው ሌላውን በጥይት መትቶ ገደለውና ወደ በረሃ ወረደ። ሟቹ የማውቀው ሰው ነበር፤ ታላቅ ልጁም ፊደልና ዳዊት ከእኔ ዘንድ የተማረ፥ ያን ጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ጐልማሳ ነበር።

በሣልስቱ ቀን ለቅሶ ቤት ሄድሁ። ልጁ ከምሰሶው ሥር ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። እጄን ከትከሻው ላይ አሳርፌ «አይዞህ ልጄ» አልሁትና አልፌ ተቀመጥሁ። ንፍሮ ቀረበልኝ፥ ቀመስሁ። አጠገቤ ከተቀመጠው ሰው ጋር ስለ ዘንድሮው አዝመራ ተነጋገርሁ። ቀኑ ሲበርድ ተነሥቼ ወደ ቤቴ ገባሁ። ያደረግሁት ይህ ብቻ ነው፤ ያደረግሁትም ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው።

አርባው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው እናቱ ከመሸ በኋላ ወደ ቤቴ መጣች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። «መሪጌታ፥ ልጄን ያዙልኝ» አለች። ሁለቱን የእርሻ በሬዎች ሸጦ ጠመንጃ ገዝቶአል፤ ጠጉሩን አልላጭም ብሎአል፤ ቀን ቀን ከአጎቶቹ ጋር ሲንሾካሾክ ይውላል፥ ሌሊት ከማሳው ጎጆ ያድራል። ይህ በአገራችን ምን ማለት እንደ ሆነ ለሳንጃ ሰው አይነገረውም። ደም ይመለሳል፤ የተመለሰበት ወገን ደግሞ ቀን ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደ ጀመረው የሚያስታውስ እስኪጠፋ ድረስ ልጅ ለልጅ ይወራረሳል። ሽበት ያለው ወንድ የማይገኝበት ቤት ዐውቃለሁ። «እኅቴ፥ አይ…» ብዬ ጀምሬ ቃሉን አልጨረስሁትም፤ በምን ምክንያት እንዳቆምሁ በዚያን ጊዜ አላወቅሁም። በነጋታው እሄዳለሁ ብዬ ሸኘኋት።

ማሳው ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ስደርስ ልጁ ከጎጆው ደጅ ተቀምጦ ጠመንጃውን በዘይት ጨርቅ ይወለውላል። ባየኝ ጊዜ ተነሥቶ ጉልበቴን ሳመ፤ ጠመንጃውንም ከግድግዳው አስጠግቶ ቁርበት አነጠፈልኝ፤ ውኃም ሰጠኝ። እኔ በመንገድ ሳለሁ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር። ስለ እናቱ ተናገርሁ፤ ስለ ታናናሾቹ ተናገርሁ፤ ስለ መንግሥት ሕግና ስለ እስር ቤት ተናገርሁ፤ መጻሕፍትም ስለ በቀል የሚሉትን ጠቀስሁ። አንድም ጊዜ አላቋረጠኝም። ስጨርስ ግን እንዲህ አለኝ፦

«የኔታ፥ ያስተማሩኝን አልረሳሁም። ነገር ግን እርስዎም አይዞህ ብለውኛል።»

«እኔ?»

«በሣልስቱ ቀን፥ እጅዎን እዚህ ላይ አድርገው።» ትከሻውን አሳየኝ። «አጎቴ አይዞህ አለኝ፤ ክንዴን ጨብጦ ነው ያለኝ፥ ያለው ገባኝ። ጎረቤቶችም እየመጡ አይዞህ አሉኝ፥ የእነርሱም ገባኝ። የእርስዎን ግን ስጠብቅ ነበር። መምህሬ ምን ይሉ ይሆን፥ ተው ይሉኝ ይሆን እያልሁ ስጠብቅ ነበር። እርስዎም ያንኑ አሉኝ።»

«ልጄ፥ እኔ ለኀዘንህ ነው ያልሁህ።»

«ታዲያ ኀዘኔ ምንድን ነው የኔታ?»

ለዚህ መልስ አላገኘሁም። ለቅሶ ቤት የገባሁት የልጁ ኀዘን የአባቱ መሞት ነው ብዬ ነው፤ እርሱ ግን አባቱ ሞቶ ገዳዩ በሕይወት መኖሩ ነበር ኀዘኑ። ያን ያህል ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን ከሰሙ ሥር ወርቁን ቆፍሩ ስል ኖሬአለሁ፤ እነሆ ከተማሪዎቼ አንዱ በአንዲት ቃሌ ሥር ቆፍሮ እኔ ያልቀበርሁትን አወጣ። ደግሞስ አልቀበርሁትም ብል ማን ያምነኛል? አጎቱ ያን ቃል ሲናገር ሰምቼአለሁ፤ ጎረቤቶቹ ሲናገሩ ሰምቼአለሁ፤ በዚያ ቤት በዚያ ቀን ቃሉ ምን ማለት እንደ ነበረ ከሳንጃ ሰው ሁሉ እኔ ብቻ ሳላውቅ አልቀርም ነበር። ልመልሰውም ብፈልግ መመለሻ የለውም። ሌላውን ቃል ሁሉ በዐሉታው መሻር ይቻላል፤ ይህ ቃል ግን ራሱ ዐሉታ መስሎ የተወለደ ስለ ሆነ የሚሽረው የለም። የየኔታ ድምፅ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከዚያ ጎጆ ደጅ መጣብኝ፤ ቁርጭምጭሚቴንም ሳላስበው ዳሰስሁት።

መሽቶ ነበርና እዚሁ አድራለሁ አልሁት። ያለችውን ማሽላ ቂጣ ተካፍለን በላን። እርሱ ጠመንጃውን በራሱና በግድግዳው መካከል አድርጎ ተጋደመ፤ እኔም በሩ አጠገብ ተኛሁ፤ ሊወጣ ቢነሣ ይረግጠኛል ብዬ ነው። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ ሲያለቅስ ሰማሁት፤ አፉን በጋቢው አፍኖ ነበር። በዚያን ጊዜ ቃሉ ከምላሴ ጫፍ ደረሰ። ዕድሜ ልኬን ሰው ሲያለቅስ ከአፌ የሚወጣው ቃል እርሱ ነውና ሌላ አልነበረኝም። ዋጥሁት። በጨለማ ተንፏቅቄ ከራስጌው ተቀመጥሁና እጄን ከራሱ ላይ አደረግሁ፤ እስኪነጋም ድረስ አንዲት ቃል አልተናገርሁም።

ሲነጋ «ሌሊት ምንም አላሉኝም» አለኝ።

«አዎን።»

«ለምን?»

«የምለውን እስካውቅ ነው። አሁን ልበልህ፤ አይዞህ፥ ሽማግሌዎች ነገሩን እስኪጨርሱ ድረስ እኔ ከዚህ እያደርሁ እጠብቅሃለሁ። እስከዚያ ድረስ አንተም እኔን ትጠብቀኛለህ፤ ጅብ አለና።»

ሳቀ ማለት አልችልም፤ ነገር ግን ፊቱ ጥቂት ተፈታ። ዘጠኝ ሌሊት ከዚያ ጎጆ አደርሁ። ቀን ቀን ወደ ከተማው ተመልሼ አስተምራለሁ፤ ወደ ማታ በትሬን ይዤ እወርዳለሁ። ሽማግሌዎቹ በሁለቱ ወገን መካከል ሲመላለሱ ሰነበቱ። ስለ ሥራቸው ብዙ መናገር ይቻላል፤ ዳሩ ግን የእኔ ነገር ስለ ቃሉ ስለ ሆነ አሳጥረዋለሁ። ገዳዩ እጁን ለመንግሥት ሰጠ። በየካቲት ወር ወንድሞቹ ድንጋይ ተሸክመው ከሟቹ ቤት ደጅ ወደቁ፤ የደም ካሳ ተቈረጠ፤ እርቅ ወረደ። ሁሉም ግን ደስ አለው ማለት አይደለም። የልጁ አጎት «የወንድሜን ደም ሜዳ ላይ አስቀሩት» ብሎ ብዙ ዓመት ሰላምታ ነሣኝ፤ እኔም አልፈርድበትም። ጠመንጃውንም ልጁ አልሸጠውም፤ እስከ ዛሬ ከምሰሶው ተሰቅሎ አለ። ሽጠው ብዬ አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ይህን ቃል በመጻሕፍት ውስጥ እየፈለግሁ መመርመር ያዝሁ። በ1954 ዓ.ም. በታተመው በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በወንጌል ውስጥ አይዞህ፥ አይዞሽ፥ አይዞአችሁ የሚለው በብዙ ቦታ ይገኛል። በጽርእ ቃሉ አንድ ነው፥ «ታርሲ» ይባላል። የግእዙ ተርጓሚዎች ግን በአንድ ቃል አልወሰኑትም፤ ለመፃጕዑ «ተአመን» ብለው፥ ለሐዋርያት በኅሙስ ሌሊት «ጽንዑ» ብለው አኖሩት። አንዱ ወደ እምነት ያዘነብላል፥ ሌላው ወደ ኃይል። እንግሊዞችም በ1611 በአውሮጳ አቈጣጠር ባሳተሙት መጽሐፋቸው ደስ ይበላችሁ ወደ ማለት የሚቀርብ ቃል መርጠዋል፤ ይህ ለእኛ ጆሮ እንግዳ ነው፤ በማዕበል መካከል ላለ ሰው ደስ ይበልህ ቢሉት የሚቀየም ይመስለኛል። የእኛዎቹ አይዞህን ሲመርጡ ግን ከሁሉ የተሻለውን መረጡ እላለሁ፤ ይህንም የምለው ስለማደላ ነው።

ስመረምር ያስተዋልሁት ነገር ሌላ ነው። ይህ ቃል በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ብቻውን ተነግሮ አያበቃም። ለመፃጕዑ አይዞህ ተብሎ ወዲያው ኃጢአቱ እንደ ተሰረየለት ይነገረዋል። ደም ይፈስሳት ለነበረችው ሴት አይዞሽ ተብሎ ወዲያው እምነቷ እንዳዳነቻት ይነገራታል። በባሕር ላይ ለፈሩት አይዞአችሁ ተብሎ የመጣው ማን እንደ ሆነ ይነገራቸዋል። የኢያሪኮውን ዕውር ጥቂት ቀደም ብሎ ዝም በል ሲሉት የነበሩት ሰዎች እንኳ፥ አይዞህ ባሉት ጊዜ ተነሥ፥ እየጠራህ ነው ሳይሉት አልቀሩም። በስተኋላው ምክንያቱ ወይም ሥራው ሁልጊዜ ይከተላል። ይህን ያህል ዘመን ሳነብብ ሳስተረጉም ኖሬ አላየሁትም ነበር፤ ዐይኔን የከፈተልኝ ያ ጐልማሳ ነው። ለእርሱም ነግሬዋለሁ፤ «እንግዲያው እኔም መምህር ነኝ» ብሎ ቀለደብኝ። ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው።

ስለዚህ አሁን ለቅሶ ቤት ስገባ ቃሉን ብቻውን አልናገረውም። አይዞህ፥ ነገ ከሽማግሌዎች ጋር እመጣለሁ እላለሁ፤ አይዞሽ፥ ትንሹን ልጅ ወደ እኔ ስደጂው፥ አስተምረዋለሁ እላለሁ። የምጨምረው ነገር የሌለኝ እንደ ሆነ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ይህ ልማዴ በሳንጃ ታውቆአል፤ «መሪጌታ አይዞህን አስረዘሙት» እያሉ የሚቀልዱብኝ አሉ፤ ከቄሶቹም አንዱ ስገባ ሲያየኝ «ዛሬስ ስንት ክንድ ነው?» ይለኛል። ወጪም አለው፤ ሰው ያልሁትን እንዳላደርግ አይተወኝምና።

ባለፈው ኅዳር አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ዐርፈው ባልቴታቸውን ላጽናና ገባሁ። «አይዞዎት እናቴ፥ ማሽላውን እኛ እንሰበስብልዎታለን» አልኋቸው። ባልቴቲቱ ቀና ብለው አዩኝና በዚያ ሁሉ ኀዘናቸው መካከል «መሪጌታ፥ አይዞሽ ብቻ ብለውኝ ቢቀመጡስ ምን ነበረበት?» አሉኝ። በቤቱ የነበረው ሰው ፈገግ አለ።

«ለእርስዎስ ይበቃ ነበር» አልኋቸው፤ «ዳሩ ግን ልጅዎ አጠገብዎ ተቀምጦ ይሰማል።»

በማግሥቱ ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ማሳው ወረድሁ። ማሽላው ሁለት ቀን ፈጀብን።